ሐሙስ የሚመጣው ተማሪዬ

ሐሙስ፣ ረመዳን 10

ዛሬም መጣ። እንደ ወትሮው ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ በሩን አንኳኳ፤ ጫማውን ደጅ አወለቀ፤ ከፊቴ ተንበርክኮ የነገውን ኹጥባ፣ የጁምዓውን ስብከት፣ በቃሉ አሰማኝ። ሁለት ቦታ አረምኩት። አንዱ የቃል መድረሻ ስህተት ነበር። ሌላው የማያስፈልግ ጌጥ ነበርና ቆረጥኩት። ለኸሊፋው የሚደረገውን ዱዓ ሳይሳሳት ተወጣው። እጄን ስሞ ሄደ።

የልጄን ደም ያፈሰሰ ሰው እጄን ስሞ ሄደ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰዋስው አስተምሬያለሁና ነገርን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ እወዳለሁ። ቂም እንደ እህል ነው፤ ካልተነፋና ካልተለቀመ ይነቅዛል። ስለዚህ ልልቀመው።

አምና ኮርዶባ ለሁለት ተሰነጠቀች። ዙፋኑን በጉልበት የያዘውና ራሱን «የተመራው» ብሎ የሰየመው ኸሊፋ የበርበር ወታደሮችን ከከተማ አባረረ። ሕዝቡም ተከትሎ ተነሳና ቤታቸውን ዘረፈ፤ ያገኘውን ገደለ። አንድ ያለኝ ልጄ ወህብ የበርበር ፈረሰኛ ልጅ የሆነችውን ከንዛን አግብቶ ነበር። በዚያው ሳምንት ጁምዓ፣ የሰፈራችን መስጊድ ሰባኪ የሆነው ኸጢብ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ሙፈሪጅ ኢብን ሰዕዱን ወደ ሚንበሩ፣ ወደ ስብከቱ መድረክ፣ ወጥቶ «ተጋቢ ከተጋባው ይቆጠራል» አለ። የማንንም ስም አልጠራም። በሰፈራችን ከበርበር የተጋባ ግን ወህብ ብቻ ነበር። በማግስቱ ከጋራው ምድጃ ዳቦ ይዞ ሲመለስ ጎረቤቶቹ በድንጋይ ወገሩት።

ዘንድሮ ደግሞ በርበሮቹ የራሳቸውን ኸሊፋ ይዘው ገቡ። የዚህኛው የክብር ስም «ረዳት ፈላጊው» ነው። «የተመራው» ቶሌዶ ሸሽቶ ጦር ያሰባስባል ይባላል። ሙፈሪጅም አምና የረገማቸውን ሰዎች ኸሊፋ በየጁምዓው ይመርቃል። ፊቱ እንኳ አይቀላም።

እኔ ዘንድ የሚመጣው ቸግሮት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው የገባ ነገር አይለቀውም፤ ቀለም እንደ ጠጣ ሱፍ ነው። ተሳስቶ የያዘውን ለማስለቀቅ ስንት ወር እታገለው ነበር። ሚንበር ላይ ቆሞ አዲስ ቃል መፍጠርም አይሆንለትም። ስለዚህ ሐሙስ እኔ ፊት ያጠናዋል፤ ዓርብ ያንኑ ያወርደዋል።

ይህን ጉድለቱን ከእኔ በቀር በሚገባ የሚያውቅ የለም።

እሑድ፣ ረመዳን 13

ከንዛ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ አይታው ኖሯል። «አባባ፣ ያ ሰውዬ ከማንኳኳቱ በፊት ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ይቆማል» አለችኝ። ብዙ ይቆማል ወይ አልኳት። «ዱርራን አጥቤ እስክጨርስ» አለች። ዱርራ የልጅ ልጄ ናት፤ አባቷ ከሞተ በኋላ ተወለደች፤ ውሃ ትጠላለች፤ እሷን ማጠብ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከፀሐይ ሽሽት ይሆናል። በራችን ጥላ አለው።

ረቡዕ፣ ረመዳን 16

የከንዛ አጎት መልእክት ልኳል። በርበሮቹ ጦር ውስጥ አለቃ ነው። ነገሩ ሳይገለበጥ እሷንና ሕፃኗን፣ ከፈለግሁም እኔን፣ ወደ ደቡብ ወደብ ሊያደርሰን ይችላል። ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ የአባቷ ወገን አለ። ከንዛ ዛሬውኑ ብንሄድ ደስ ባላት። ኢድ ይለፍ አልኳት።

ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ጀምሮ የተወው ነገር ያስቀጣል።

ሰኞ፣ ረመዳን 21

ምድጃ ቤት። ጋጋሪው ረሺቅ ከሰል ሲቆሰቁስ ለሰው ሁሉ እንዲህ ይላል፤ «አንዱ የተመራው ነው፤ አንዱ ረዳት ፈላጊው ነው፤ በፊት የነበረውና አምና ቀበርነው የተባለው ኸሊፋ ደግሞ የተደገፈው ነበር። ሦስት ኸሊፋ ሙሉ፣ በራሱ እግር የሚቆም አንድ ይጥፋ?»

ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ረሺቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የምሥራቁ ሰፈር ኸጢብ ምን እንደደረሰበት ነገረን። ምስኪኑ በልማድ «የተመራውን ኸሊፋችንን» ብሎ ዱዓ አደረገ። የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት የበርበር ፈረሰኞች ኹጥባው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቁም፤ ሚንበሩ ሥር ጨረሱት።

ዳቦዬን ረስቼ ወጣሁ። ረሺቅ ከኋላዬ ጠራኝ።

ማክሰኞ፣ ረመዳን 22

ሳስብ ዋልኩ። «በቅን የተመራ» ማለት ነውር አይደለም። አባቶቻችን የመጀመሪያዎቹን ኸሊፋዎች «በቅን የተመሩት» እያሉ ነው ያስተማሩን። ንጹሕ ቃል ነው። ማንም መምህር አያፍርበትም።

ሐሙስ፣ ሸዋል 8

መጣ። አሰማ። አልቸኮልኩም። ከነገ ሳምንት ጁምዓ የበርበር አለቆች ፈረሰኞች ወደኛ መስጊድ እንደሚመጡ ራሱ ነገረኝ፤ ፈርቷል። «ምንም አትሳሳትም፤ እኔ አለሁ አይደል?» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሽንኩርቱ ይሆናል፤ ከንዛ ጓዳ ስትከትፍ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሸዋል 13

ከንዛ ነገ እንሂድ አለች። የ«ተመራው» ጦር ከሰሜን እየቀረበ ነው፤ አጎቷ ከእንግዲህ ልጠብቅ አልችልም ብሏል። ቅዳሜ ይሁን አልኳት።

«ለምን ቅዳሜ?»

«ዓርብ ሥራ አለብኝ።»

«ሥራ ከተውክ ስንት ዘመንህ አባባ» ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ሳትስቅ፣ «ሐሙስ ሲደርስ ፊትህ ይበራል። ወህብ በነበረ ጊዜ ነበር እንደዚህ የሚበራው» አለች።

ሕፃኗን ተቀበልኳት።

ሐሙስ፣ ሸዋል 15

ዱዓው ጋ ሲደርስ አስቆምኩት። «እዚህ ላይ ቃሉ አንሷል። አላህ ሆይ፣ በቅን የተመራውን ኸሊፋችንን ጠብቅ በል።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን ልጨምር፣ ኡስታዝ?»

«ጨምር።»

አለው። ድገም አልኩት። ደገመው። እንደገና አልኩት። በመጨረሻው ላይ ድምፁ ቀጠነ፤ ግን ፊደል አልሳተም። እጄን ስሞ ወጣ። ዛሬ እጄን ሲስም ከወትሮው ቆየ።

ቀለሙ ገብቷል። ነገ በዙህር።

ወህብ፣ ልጄ፣ ነገ ቀትር ላይ፣ በዙህር።

ዓርብ፣ ሸዋል 16

ሲነጋ በሰሜን መንገድ ላይ አቧራ። በርበሮቹ ተሸንፈው ተመለሱ። ቤተሰብ ጫኑ፣ ድልድዩን ተሻገሩ፣ ሄዱ። «ረዳት ፈላጊው»ም አብሯቸው። የከንዛ አጎት ሊወስዳት ጊዜ አላገኘም።

መስጊድ። የፊት ረድፍ ባዶ። ፈረሰኛ የለም። ሙፈሪጅ ፊቱ አመድ መስሎ ሚንበሩ ላይ ወጣ።

አለው። እንዳስጠናሁት፣ «በቅን የተመራውን»።

መጀመሪያ ጸጥታ። ከዚያ ሕዝቡ በእልልታና በለቅሶ ተነሳ። አቅፈው አወጡት፤ ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ከኸጢቦች ሁሉ ቀድሞ፣ ጦሩ ገና ሳይገባ፣ የ«ተመራውን» ስም የደፈረ ጀግና አሉት።

ውጭ ጩኸት አለ። ወደ በርበሮቹ ቤት እየሄዱ ነው። ከንዛን ጓዳ ደብቄ በሩን ዘግቻለሁ። ቅዳሜ ያልኳት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ሸዋል 17

ትናንት በሩን ስጠብቅ አልጨረስኩትም። ዛሬ በሥርዓት ልጻፈው።

ከአስር በኋላ ደጃችን መጡ። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። የሰፈራችን ቆዳ ፋቂ ነበረበት፤ ከተማሪዎቼም ሁለቱ ነበሩበት። «ሸኽ ኸልፉን፣ ከአንተ ጉዳይ የለንም፤ ሴትዮዋን አውጣ» ይላሉ። አክብረውኝ ነው የሚያወሩት፤ ድንጋዩን ግን ይዘዋል። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም። አንዱ በትከሻዬ ሊያልፍ ሲሞክር ሙፈሪጅ ደረሰ፤ ጥምጣሙ ወልቆ፣ እየሮጠ፣ ቀትር ላይ የተሸከሙት ሰዎች ሳይኖሩ ብቻውን። በእኔና በእነሱ መሐል ገባ።

«አምና ምን ነበር ያልኳችሁ?» አለ። ሚንበር ላይ ሲሆን እንኳ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼበት አላውቅም። «ተጋቢ ከተጋባው ይቆጠራል አላልኩም? ይቺ ሴት የኮርዶባ ልጅ አግብታለች። የሸኽ ኸልፉን ልጅ ናት። ከእኛ ናት።»

ቆዳ ፋቂው፣ «አምናማ ለሌላ ነበር የተናገርከው» አለ።

«ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው» አለው ሙፈሪጅ። «ያኔ ካመናችሁኝ ዛሬም እመኑኝ።»

ተያዩ። የቀኑ ጀግና ነው፤ ምን ይበሉት? አንድ በአንድ ተበተኑ። ቆዳ ፋቂው ድንጋዩን የት እንደሚያኖረው ጨንቆት ግንባችን ሥር በቀስታ አስቀምጦት ሄደ። ዛሬ ጠዋት አንስቼ ወንዝ ወረወርኩት።

ሰው ይህን ቢያነብ ልቤ ራርቷል ይል ይሆናል። የሆነው ተቃራኒው ነው። እኔ የሰዋስው መምህር ነኝ፤ ያ ዓረፍተ ነገር በሁለት በኩል እንደሚነበብ እስከ ትናንት አላስተዋልኩም ነበር። እሱ ግን ያውቅ ኖሯል። አምና ያችን ጁምዓ ከሰዓት ደጃችን መጥቶ ይህንኑ ትርጓሜ ቢናገር፣ ወህብ ዳቦውን ይዞ ይገባ ነበር። መድኃኒቱ አፉ ውስጥ እያለ ነው ልጄን ያስገደለው።

ስለዚህ አልቀለለኝም። ከበደኝ። ትናንት ቂሜ አንድ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሆነ።

ረቡዕ፣ ሸዋል 28

ከንዛ ሄደች። ሙፈሪጅ ከዘይት ነጋዴዎች ጋር ላካት፤ የእናቱን ልብስ አልብሶ፣ እህቴ ናት ብሎ። ኬላዎቹን አለፉ ተብሏል። ዱርራ በከረጢት ተኝታ ነው የወጣችው፤ አላለቀሰችም።

ከንዛ አብሬአት እንድሄድ ለመነችኝ። ሐሙስ ተማሪ ይመጣብኛል አልኳት። ይህን ያልኩት ፈገግ እንድትል ነበር። አላለችም።

«አባባ፣ እሱን ጠልተህ ስትጨርስ ና» አለችኝ።

የሚያልቅ ነገር አይደለም። ይህን ልነግራት ነበር፤ በቅሎዎቹ ተነሱ።

ሐሙስ፣ ዙልቃዕዳ 14

ሙፈሪጅ ዛሬ አዲስ ካባ ለብሶ መጣ፤ ከቤተ መንግሥት የተሰጠው ነው። በዘንድሮው የመሥዋዕት በዓል ከከተማው ውጭ በሚሰገድበት ሜዳ ኹጥባ እንዲያደርግም እሱ ተመርጧል። ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ሊያሰማኝ ተንበረከከ። አስቆምኩት።

«ያን ሐሙስ ገብቶህ ነበር?» አልኩት። የቱ ሐሙስ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ኡስታዝ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ቃል ቆርጠህብኝ እንጂ ጨምረህልኝ አታውቅም። ጨምር ስትለኝ ጊዜ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልከው?»

«ከአንተ የተቀበልኩትን መቼ ቀይሬ አውቃለሁ?» አለ። «የወህብ ነገር እዚያው ያልቅልሃል ብዬ ነበር። አላህ እንቢ አለ።»

ይህን ሰው አላህ ይየው። ልወስደው የደከምኩበትን በገዛ እጁ ሊያቀብለኝ ኖሯል። እንግዳ እንደሚጋብዝ ሰው በትሪ ላይ አድርጎ። የተሰጠ በቀል ምን በቀል ነው? አንድ ዓመት ሙሉ ያቦካሁትን ሊጥ ነጥቆ ጋግሮ ሊያጎርሰኝ።

ተነሣ አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አትምጣ። ሰዋስው ከማን ተማርክ ቢሉህ ከኸልፉን ሰማሁ አትበል። እኔ አላስተማርኩህም። ከተማሪዎቼ ቁጥር አውጥቼሃለሁ።»

ሚንበሩ ሥር ለመታረድ ያልጠቆረ ፊት አሁን ጠቆረ። ለኛ ሰው ይህ ከሞት ይብሳል፤ ማን እንዳስተማረው የማይናገር ሰው ምን ቢያውቅ ማን ይሰማዋል? ያውቃል። እኔ ነኝ ያሳደግኩት።

ካባውን ሰብስቦ ወጣ። ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።

ሐሙስ፣ ዙልቃዕዳ 21

መጣ። አልከፈትኩም።

ሐሙስ፣ ዙልቃዕዳ 28

ከአስር በኋላ ሰገነት ወጣሁ። የተሰጣ ልብስ ላወርድ ነው የወጣሁት።

ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ጥላው ወደ ሌላ በኩል ዞሮ ነበር፤ ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው። ሳያንኳኳ ሄደ።

የሚሰጣ ልብስ ለካ የለኝም። ከንዛ ከሄደች ያጠበ የለ።

እሑድ፣ ዙልሒጃ 8

ዓለም ዳግመኛ ተገለበጠ። የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች «የተመራውን» ገደሉት፤ ራሱን በእንጨት ሰክተው በከተማ አዞሩት። አምና ሌላ ሬሳ ቀብረው ሞቷል ያሉትን ኸሊፋ «የተደገፈውን» ደግሞ ከተዘጋበት ክፍል አውጥተው ዙፋን ላይ አስቀመጡት። ረሺቅ ሊጡን ትቶ ወገቡን ይዞ ይስቃል። «ቀብሩ ላይ ቆሜ ሰግጄለታለሁ እኮ። ሶላቴን ማን ይመልስልኛል?»

ከዚያ ሳቁን አቁሞ ወደኔ ዞረ። «ሸኽ ኸልፉን፣ ያ ልጅህ ከነገ ወዲያ ሜዳው ላይ ምን ሊል ነው?»

«ልጄ ሞቷል» አልኩት።

ዳቦዬን ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ አሰብኩት። ከዚያች ጁምዓ ወዲህ በየሳምንቱ «በቅን የተመራውን» ሲል ከርሟል። ዘልቆ ገብቶበታል። የሚያስለቅቅለት አንድ ሰው ነው ያለው።

ሰኞ፣ ዙልሒጃ 9

ረፋዱ ላይ አንኳኳ። ዛሬ ሐሙስ አይደለም። «ኡስታዝ» አለ። «አንድ ቃል ብቻ። አንድ ጊዜ ብቻ ስማኝ።» ከበሩ ውስጠኛ ወገን ቆሜያለሁ፤ መሐላችን ያለው እንጨት ብቻ ነው። ትንፋሹን እሰማለሁ። አዲሱን ዱዓ ለብቻው ይለማመዳል፤ ይጀምራል፤ እዚያው ቃል ላይ ወደ አሮጌው ይንሸራተታል፤ እንደገና ይጀምራል።

አልከፈትኩም።

ምንም አላደረግሁም። ማንንም አልነካሁም፤ ክፉ ቃል በማንም አፍ አላስገባሁም። አንድ አዛውንት በሩን ዘግቶ ቤቱ ተቀመጠ። ነገ የሚሆነው ይሆናል፤ ወህብም ያያል።

ማክሰኞ፣ ዙልሒጃ 10፣ የበዓሉ ቀን

ሜዳው ሞልቷል። ዘበኞቹ ሰይፋቸውን መዝዘው ከሚንበሩ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ቦታ የያዝኩት ከፊት፣ አፉን ማየት ከምችልበት ነው። ልይ ብዬ ነው የሄድኩት። ይህን አልሸሽግም።

ሙፈሪጅ ካባውን አልለበሰም። አሮጌ ልብሱን ነው የለበሰው። ኹጥባውን ያለ ጌጥ፣ አጭር፣ ጥርት አድርጎ ተናገረ፤ የምቆርጠው ነገር አላገኘሁበትም። ከዚያ እጁን ለዱዓ አነሳ።

«አላህ ሆይ፣ የተ…» አለና ቆመ።

ሁለቱም ስሞች እስከዚያ ድረስ አንድ ናቸው። የሚለያዩት ቀጥሎ ባለው ፊደል ነው። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። የቀኙ ዘበኛ አንድ እርምጃ ቀረበ። የሙፈሪጅ ከንፈር ሲገጥም አየሁ። «መ» የሚወጣው ከንፈር ገጥሞ ነው። ስህተቱ ገና ድምፅ ሳይሆን አፉ ላይ ታየኝ።

«የተደገፈውን!»

ማን ጮኸ ብዬ ዞርኩ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። በኹጥባ ሰዓት ጎረቤትህን ዝም በል ማለት እንኳ ክልክል ነው ብዬ ስንቱን ልጅ በአለንጋ ያስተማርኩ ሰው፣ በበዓል ቀን፣ በሺህ ሰው መሐል ተነስቼ ቆሜያለሁ።

ሙፈሪጅ አላየኝም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «የተደገፈውን ኸሊፋችንን ጠብቅ» አለ። ደገመው። እንደገና ደገመው፤ እንደ ሐሙሳችን። ዘበኛው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰዉ «አሚን» አለ። አጠገቤ የነበረው ረሺቅ ልብሴን ጎትቶ አስቀመጠኝ።

«አለፈ፣ ሸኽ» አለኝ። «ተቀመጥ፤ አለፈ።»

ቤት ገብቼ ይህን የምጽፈው ማንም እንዳይሳሳት ነው። ይቅር አላልኩትም። ወህብ እንደሞተ ነው፤ ሙፈሪጅ ደግሞ በሕይወት አለ፤ ይህ ነገ ስነሳም የሚያንገበግበኝ ነው። ስህተት ሲመጣ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የሆነው ይኸው ነው። አህያም ከጭነቱ ጋር ከኖረ ጭነቱ ቢወርድለት እንኳ ጎብጦ ይሄዳል።

ለማንኛውም ሐሙስ በሩን መክፈት ሊኖርብኝ ነው። «የተደገፈውን» ሲል «ገ»ን ማጥበቅ ሲገባው ሦስቱንም ጊዜ አላላው። ተስተካክሎ እስኪወጣው ድረስ አለቀውም።